ድንኳን ለማይጣልለት ሐዘን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጭንቀትና ስለ እንቅልፍ ማጣት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሑፉ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ወደ መጨረሻው አካባቢ «ስሜትዎን በማስታወሻ ደብተር ላይ ያስፍሩ» የሚል ምክር ጣል ተደርጎ ወዲያው ውሃ ስለ መጠጣትና በእግር ስለ መጓዝ ወደሚናገረው ታልፏል። ምክሩን አልቃወምም፤ እንዲያውም ከተዘረዘሩት ሁሉ አብልጬ የማምንበት እሱን ነው። ቅር ያሰኘኝ አጭርነቱ ነው። ለታመመ ሰው «መድኃኒት ውሰድ» ብሎ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚወሰድበትን ሰዓት ሳይነግሩ እንደ መሸኘት ሆኖ ታየኝ። እኔ በአማርኛ መምህርነት 34 ዓመት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ የራሴን ደብተር መያዝ ከጀመርኩም ሃያ ዓመት አልፎኛል። በመሆኑም ስለዚያች አንዲት መስመር ጥቂት ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ቦታ እንደማትነፍጉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ከእናቴ ልጀምር። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ጎልምሳ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰፈራችን ሲደርስ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ማታ ማታ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በቀበሌው አዳራሽ እየተቀመጠች ማንበብና መጻፍ ቻለች። ታናሽ ወንድሜ በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ጥቂት ደብዳቤዎች መጡ፤ ከዚያ ቆሙ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን የብዙ ሰው ልጅ በእግሩ እየተንከላወሰ ቤቱ ገባ። የእኛ ልጅ አልገባም፤ ሞቷል ብሎ መርዶ የሚያረዳንም ሰው አልመጣም። መርዶው ላልተነገረ ሰው ደግሞ አይለቀስም፤ በሕይወት ሊኖር ለሚችል ሰው ማልቀስ ሟርት ነውና። ስለዚህ እናቴ ድንኳን አላስጣለችም፣ ጥቁር አልለበሰችም፣ ነጠላዋንም አላዘቀዘቀችም። በሰው ፊት «ይመጣል» ትላለች፤ ሰውም «እንዴታ፣ ይመጣል እንጂ» ይላታል፤ ቡናው ይጠጣል፤ ሌላ ወሬ ይነሣል። እስከ ሞተችበት እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ እንዲሁ ኖረች።

ሰልስቷ ከወጣ በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት ከነጠላዎቿ ሥር፣ ከኋላው የማባዛት ሠንጠረዥ የታተመበት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አገኘን። ከግማሽ በላይ ተጽፎበታል። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ፣ ቃላቱም በቅጡ ያልተነጣጠሉ ነበሩ። ከአንዱ ጽሑፍ እስከ ሌላው አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ስምንት ወር ያልፋል። «ዛሬ ማርያም ናት። በሩን አልቀረቀርኩም» ይላል አንዱ። «ሹራብህን አጠብኩት፤ ብል ሊበላው ነው» ይላል ሌላው። «አባትህ ዛሬም ስምህን አልጠራም» የሚል አለ። ከሁሉም የማልረሳው አንድ ሙሉ ገጽ ላይ ብቻውን የተጻፈውን ነው፤ «ሞተህ እንደ ሆነ ንገረኝና ላልቅስልህ» ይላል። ከቤተሰቡ መካከል የተማርኩት፣ የተጻፈ ነገር ማንበብና ማረም እንጀራዬ የሆነው እኔ ነበርኩ፤ ይህች ሴት ግን አሥር ዓመት ሙሉ ከአጠገቤ ስትጽፍ አላየሁም።

ለሞት ያለን ሥርዓት ከማንም የሚያንስ አይመስለኝም። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይጣላል፣ የእድር አባላት ወንበርና ብረት ድስት ተሸክመው ይደርሳሉ፣ አልቃሽ የሟቹን ደግነት በግጥም ትደረድራለች፣ ሐዘንተኛው ሳይወድ በግድ እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እየተቈጠረ ሐዘኑ በደረጃ እየቀለለ ይሄዳል። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ዱዓውና ሶደቃው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ያዘነ ሰው ብቻውን እንዳይቀመጥ ተደርጓል። ነገር ግን ድንኳን የማይጣልለት ሐዘን አለ። መውለድ ያልቻለች ሴት በየወሩ የምታዝነው ሐዘን እድር የለውም። ከሥራው ተቀንሶ ለቤተሰቡ መናገር ያቃተው፣ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ወጥቶ ሲዞር ውሎ የሚገባ አባወራ ለቅሶ ደራሽ የለውም። የፈረሰ ትዳር፣ በገዛ ወንድም ላይ ያደረ ቅናት፣ በልጅነት የደረሰና ለማንም ያልተነገረ በደል፣ እነዚህ ሁሉ «ገበና ነው፤ ሆድ ይፍጀው» ተብለው ይታለፋሉ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ብዙውን ጊዜ የሚፈጀው ሆዱ ራሱ ነው።

አያቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ምንም መተንፈሻ አልነበራቸውም ለማለት አልደፍርም። ሌሊት በወፍጮ ላይ ተደፍተው እህል የሚፈጩ ሴቶች ያንጎራጉሩ ነበር፤ ስለ አማታቸው፣ ስለ ባላቸው፣ ጥለውት ስለ መጡት አገር ለሰው የማይናገሩትን ለድንጋዩ ይነግሩት ነበር። የመጁ ድምፅ ቃሉን ይሸፍንላቸዋል፤ የሰማ ቢኖር እንኳን እንጉርጉሮ ነው ብሎ ያልፋል። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ክንዳቸው ዐረፈ፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ያ የብቻ ሰዓት አብሮ ሄደ። የነፍስ አባትም አለ ይባል ይሆናል። አዎን፣ አለ፤ ይሁን እንጂ ንስሐ የበደሉትን መናገሪያ ነው፤ እናቴ የትኛውን ኃጢአት ብላ ትናገር?

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ደብተር መያዜን ሲሰሙ «የፈረንጅ ልማድ ነው» ይሉኛል። ግማሽ እውነት አላቸው። ብራና ስንፍቅ የኖርን ሰዎች መጻፍን ከማንም አልተበደርንም፤ በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ የልጅ ልደት ይመዘገባል፣ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የርስት ሽያጭ ከነምስክሮቹ ይሰፍራል፣ በቤተ መንግሥት የነገሥታቱ ውሎ ይጻፋል፣ በኋላ ዘመንም ሹማምንት ያዩትንና የሰሙትን ለትውልድ ሲሉ ከትበዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የተጻፉት እንዲነበቡ ነው። ሰው እንዳያነብበው ተብሎ የሚጻፍ ጽሑፍ በእኛ ዘንድ በእርግጥ አዲስ ነው። አዲስ ስለ ሆነም አሠራሩን ማስተማር ይገባል፤ ልማዱ ከቤተሰብ እንደ ቡና ማፍላት የሚወረስ አይደለምና።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረገው ምርምርም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይደለም። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የሥነ ልቡና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር ከሳንድራ ቢል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ 46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተከታታይ አራት ቀናት ለየብቻቸው እየተቀመጡ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጓል። አንዳንዶቹ የተሰጣቸው ተራ ርእስ ነው፤ ለምሳሌ ስለ ጫማቸው። የቀሩት በሕይወታቸው ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ፤ ከእነዚህም መካከል ገሚሶቹ የሆነውን ድርጊት ብቻ፣ ገሚሶቹ የተሰማቸውን ብቻ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሁለቱንም አያይዘው እንዲጽፉ ታዘዙ። ድርጊቱንና ስሜቱን አያይዘው የጻፉት ተማሪዎች ጽፈው እንደ ጨረሱ ከሌሎቹ ይልቅ ከፍቷቸው ነበር፤ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ታይቷል። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው የጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ሌላ ጥናት ከሥራቸው የተሰናበቱ ባለሙያዎች ስለ ስንብታቸው የተሰማቸውን እንዲጽፉ ተደርጎ፣ ከጻፉት መካከል በቀጣዮቹ ወራት አዲስ ሥራ ያገኙት ካልጻፉት በርክተው ታይተዋል። ሸሚዙን ተኩሶ የሚወጣውን አባወራ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለእኔ ለአማርኛ መምህሩ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የደነቀኝ ተመራማሪዎቹ ኋላ ላይ የተጻፉትን ጽሑፎች ቃል በቃል ሲመረምሩ ያገኙት ነው። በመጻፋቸው ይበልጥ የተጠቀሙት ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ድረስ ምክንያትንና ማስተዋልን የሚያመለክቱ ቃላት እየበዙላቸው የሄዱት ነበሩ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የራሴን ደብተሮች አውጥቼ አገላበጥኩ። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ በሁለት ፊደል የምትጻፍ ዕንቁ ቃል አላት፤ «ለካ»። ሰው «ለካ» ብሎ የሚጽፈው ቀድሞ የማያውቀውን ነገር ብዕሩ ሲነግረው ነው። በደብተሮቼ ውስጥ «ለካ» የሌለባቸው ተከታታይ ሠላሳና አርባ ገጾች አሉ፤ እነዚያን አሁን ሳነብባቸው ከስሞታ በቀር ምንም አላገኝባቸውም፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ሁለት ዓመት ሙሉ በተመሳሳይ ቃል ስወቅስ ኖሬአለሁ። ከብት የበላውን መልሶ እንደሚያመሰኳ ቂምን ማመስኳት ነበር፤ መጻፍ ልለው አልችልም።

ደብተር መያዝ የጀመርኩት የእናቴን ባገኘሁበት በ1994 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ የጻፍኩትም ስለ አባቴ ነው። የቀበሌ ሰዎች ወንድሜን ሊወስዱ በመጡ ቀን አጎቴ ቤት ተደብቆ ነበር፤ ጠርተው አምጥተው ያስረከቡት አባቴ ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ አባቴን በሕይወት ሳሉ አንድ ቃል ተናግሬአቸው አላውቅም። በእኛ ቤት አባት «አንቱ» ይባላል፤ በ«አንቱ» ደግሞ መቈጣት አይቻልም፤ ሰዋስዉ ራሱ ያጎነብሳል። በአንድ የክረምት ሌሊት ከብዙ ገጽ በኋላ እጄ «ለምን ሰጠኸው?» ብሎ ጻፈ። የጻፍኩትን ሳይ ደነገጥኩ፤ ሰው እንዳላየኝ ለማረጋገጥ ዞር ብዬ በሩን ተመለከትኩ። ለጥቂት ቀናት በ«አንተ» ጻፍኩ፤ በአራተኛው ቀን ግን ሳላውቀው ወደ «እሳቸው» ተመልሼ ነበር። በዚያ ቀን የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፤ «ለካ እሳቸውም መርዶ ያልመጣላቸው አባት ነበሩ።» አባቴን ይቅር አልኳቸው ብዬ ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። ወንድሜን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ስማቸው ሲጠራ ጥርሴን መንከሴ ቀረ፤ ለብዙ ዓመት ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኝ የነበረው የጨጓራ ሕመምም ጋብ ብሎልኛል፤ ምክንያቱ ይህ ይሁን ሌላ ሐኪም ያውቃል።

ስለ ቋንቋችን ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሰምና ወርቅ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ የሚያምመንን ነገር በሰም ጠቅልለን ስንናገር ያደግን ስለ ሆነ ለራሳችን ስንጽፍ እንኳን እንጠቀልላለን። ተማሪዎቼን ቅኔ ሳስተምር ሰሙን ገፍፈው ወርቁን እንዲያወጡ እደክም ነበር፤ በራሴ ደብተር ላይ ግን «አንዳንድ ሰዎች» እያልኩ ስጽፍ ራሴን ይዤዋለሁ። አንዳንድ ሰዎች የሚባሉት እነማን ናቸው? ደብተሩን የሚያነብ ሌላ ሰው ከሌለ ሰም ለማን ያስፈልጋል? ስማቸውን መጻፍ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጽሑፌ አጠረ።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በ1988 ዓ.ም. አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት የዕለት ማስታወሻ አጻጻፍን ካስተማርኩ በኋላ ተማሪዎቼ የአንድ ሳምንት ውሏቸውን ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝኩ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አራት ገጽ ሞልታ አመጣች። የእንጀራ አባቷ ጠጥቶ እየገባ እናቷን ስለሚደበድብበት፣ እሷም ታናናሾቿን ይዛ አልጋ ሥር ስለምትገባበት ሌሊት ጽፋለች። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ የተሳሳቱ ሆሄያትን አረምኩ፣ አራት ነጥብ በቀረበት ቦታ ሁሉ አራት ነጥብ አኖርኩ፣ ከአሥር ሰባት ሰጠሁ፤ ከግርጌውም «ይዘቱ ጥሩ ነው፤ ለሥርዓተ ነጥብ ጥንቃቄ አድርጊ» ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ በሴሚስተሩ ውስጥ ያመጣችው ማስታወሻ ሁሉ «ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ቁርሴን በልቼ ወደ ትምህርት ቤት መጣሁ» የሚል ነበር። ለዚያ ዘጠኝ ሰጠኋት። ጽሑፏ ተሻሽሏል ብዬም በክፍል ፊት አመስግኛታለሁ። የእናቴን ደብተር እስካገኘሁበት ቀን ድረስ ያደረግሁት ነገር ምን እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። የዕለት ማስታወሻ በአማርኛ ትምህርት ውስጥ መቆየቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማስታወሻ እንደ ድርሰት ሊታረም አይገባውም። መምህሩ ተማሪው መጻፉን ገጹን ገልጦ ከሩቅ ቢያይ ይበቃዋል፤ ተማሪው ሊደብቀው የፈለገውን ገጽ አጥፎ እንዲያመጣ ሊፈቀድለት ይገባል፤ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ ለመጻፉ ብቻ ይሰጥ። ልጁ እጥፉን ገልጦ ለመምህሩ ሊያሳይ ከወደደ ደግሞ ያ ልጅ የተናገረው ለሰው ነውና ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጦ ሊረዳው የሚችል ሰው መፈለግ ግዴታ ነው። ፊደሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይታረማል።

በቤት ውስጥም ተመሳሳይ ችግር አለ፤ ምናልባት የባሰ ነው። እኛ ዘንድ የተዘጋ በር ያስቀይማል፤ የተቈለፈ ሳጥን ያስጠረጥራል፤ የእኅትን ደብተር ገልጦ ምሳ ላይ ጮኾ ማንበብ ደግሞ እንደ ጨዋታ ይቈጠራል። በዚህ መንገድ የተዋረደች፣ ደብተሯን በዚያው ቀን እምድጃ ውስጥ የከተተች አንዲት የጎረቤት ልጅ አውቃለሁ፤ አሁን የልጆች እናት ሆናለች፤ ከዚያ ወዲህ ከገበያ ዝርዝር በቀር አልጻፈችም። ባልና ሚስት «በመካከላችን ምሥጢር የለም» ብለው አንዱ የሌላውን ሲያነቡም አይቻለሁ። ለእነርሱ የምነግራቸው ከሙያዬ የወሰድኩትን ነው፤ ደብተር ረቂቅ ነው። ሰው በቍጣው ሰዓት «ጠላሁት» ብሎ የጻፈው ቃል ነገ በራሱ እጅ የሚሰረዝ ሊሆን ይችላል። ረቂቁን ሰርቆ አንብቦ ባለቤቱን መክሰስ ያልተፈረደ ፍርድ እንደ ማስፈጸም ነው።

በአንጻሩ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኛነት ስድስት ዓመት ቆይታ ስትመለስ ያጫወተችኝን ላካፍላችሁ። ስልኳ ቀን ቀን በአሠሪዋ እጅ ይቆይ ነበርና ያላት አንድ ትንሽ ደብተር ብቻ ነበር፤ ማታ ማታ በእሱ ላይ ትጽፋለች። አሠሪዋ ደብተሩን አንሥታ ብታገላብጥም ምንም ልታገኝበት አልቻለችም። «ጋሼ፣ ፊደላችን ቁልፍ ሆነልኝ» አለችኝ። ሀሁን ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ለዚህ እንደሚያገለግል አስቤ አላውቅም። አገሯ ስትገባ ግን ያው ፊደል መቆለፉን ተወ፤ ወንድሞቿ ሁሉ ማንበብ ይችላሉና ደብተሩን እኔ ዘንድ በአደራ አስቀምጣዋለች። እስካሁን አልገለጥኩትም።

የጻፍኩት ሁሉ ደብተርን የሁሉ ፈውስ አድርጎ እንዳያስቈጥርብኝ እሰጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆአን ፍራታሮሊ የተባለች ተመራማሪ 146 ጥናቶችን በአንድነት መርምራ የደረሰችበት ውጤት መጻፍ በአማካይ እንደሚጠቅም፣ ጥቅሙ ግን ትንሽ እንደ ሆነ ያሳያል። የሚጐዳቸው ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከትዳራቸው በቅርቡ ከተለያዩ ሰዎች መካከል፣ ነገሩን አብዝተው የሚያብሰለስሉና ምክንያት የሚፈልጉት ስሜታቸውን ከሚጽፉ ይልቅ የዕለት ውሏቸውን ብቻ ቢመዘግቡ ቶሎ ያገግሙ እንደ ነበር ታይቷል። ይህ ከላይ ስለ «ለካ» ካልኩት ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ «ለካ» ሳትጠራ የምትመጣ ቃል ናት፤ ቁስሉ ገና ሳይደርቅ በግድ ሲፈልጓት የምትመጣው «ለምን» ብቻ ናት። ስለዚህ ትናንት ለተቀበረ ሐዘን ደብተር አልመክርም፤ ለእሱ ድንኳኑ ይሻላል። ሲጽፍ ልቡ እየመታ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ማቆም አለበት፤ ፔኔቤከርም ቢሆን የሚመክረው ይህንኑ ነው። እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ብዙ ሳምንት ላለፈው ሐዘን፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብቅ ማለት ለጀመረበት ሰው ደግሞ ደብተር ቦታው አይደለም፤ ጊዜ ሳያጠፋ ለቅርብ ሰው መናገርና ወደ ሕክምና መሄድ ይገባዋል። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እንግዲህ ጤና ዓምዳችሁ ያችን መስመር እንደገና የሚጽፋት ቢሆን ምን እንዲል እወድ ነበር? በመጀመሪያ ደብተሩ ርካሽ ይሁን። ውድና ያማረ ደብተር ያማረ ነገር ካልጻፍክብኝ ብሎ ያስፈራራል፤ ለሁለት ወር ባዶውን የተቀመጠ ባለ ቆዳ ሽፋን ደብተር ከልጄ በስጦታ ደርሶኝ ስለማውቅ ነው። ከራት በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ ካልጻፍኩ ብሎ ስለት መሳል አያስፈልግም፤ አንድ የከበደ ነገር ሲኖር ሦስት አራት ቀን አከታትሎ ስለ እሱ ብቻ መጻፍ፣ ከዚያ ማረፍ ነው። የሆነው ነገርና የተሰማን ነገር ሳይነጣጠሉ ይጻፉ፤ «ተናደድኩ» ብቻ ብሎ ማቆም ጥቅም የለውም፤ ማን ምን ሲል፣ የት ቆሜ ሳለሁ፣ ሰውነቴ ምን ሲሆን የሚለው ይግባበት። ሆሄ አይታረም፤ ይህን የምለው ሆሄ ሳርም ዕድሜዬን የፈጀሁት እኔ ነኝ። ቀኑ ይመዝገብ፤ እኔ እንደ እናቴ ከቀኑ ጎን በዓሉን እጽፋለሁ፤ ከዓመት በኋላ «ባለፈው ሚካኤል እንዲህ ነበርኩ» ብሎ ለማመሳከር ያመቻል። ያው ዐረፍተ ነገር ለዐሥረኛ ጊዜ ሲመለስ ከተገኘ ደግሞ ደብተሩ የሚሠራውን ጨርሷልና ጉዳዩን ወደ ሰው መውሰድ ይገባል። ስልክ ላይ የሚጽፉ ወጣቶች አሉ፤ ከተቈለፈ አልቃወምም፤ ይሁንና ስልክ መካከል ላይ ይጠራል። መጻፍ የማይችሉ ደግሞ ድምፃቸውን ሊቀዱበት ይችላሉ፤ እኅቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ እያደረገች ነው፤ ቀድታ ሰምታ ታጠፋዋለች።

ከዚህ ሌላ አንባቢዎቻችሁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ይቀራል ብዬ እገምታለሁ፤ ሰው ሲሞት ደብተሮቹ ምን ይሆናሉ? እኔ አሁን 14 ደብተሮች አሉኝ። 12ቱን በአንድ ካርቶን አድርጌ በሲባጎ አስሬአለሁ፤ ልጄ ሳትገልጥ እንድታቃጥላቸው ነግሬአት ቃሏን ሰጥታኛለች። አንዱ፣ ስለ ወንድሜና ስለ አባቴ የጻፍኩበት፣ ከእናቴ ደብተር ጋር ይቀመጥ፤ ሊያነብብ የፈለገ ያንብበው። አሥራ አራተኛው ገና አልሞላም፤ ይህንን ደብዳቤም መጀመሪያ የጻፍኩት በእሱ ላይ ነው፤ እዚህ ያላሰፈርኳቸው ሁለት አንቀጾች እዚያው ቀርተዋል።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣ ከደሴ